የሰው ጠጠር አይነካም

ሳምንቱን ሙሉ የሰው አፍ ውስጥ ነው የምውለው። ጥርስ አጸዳለሁ። ቅዳሜ ደግሞ ግሌን የሚባል ሰው ሱቅ ሄጄ ሌላ ዓይነት አፍ ስሰማ እውላለሁ። ልዩነቱ፣ የክሊኒኩ ሰዎች ጥጥ ስለሚጎርሱ ዝም ይላሉ።

ሱቁ አሜሪካ፣ ዱሉት ከተማ ውስጥ ነው፣ ከሐይቁ ትንሽ ከፍ ብሎ። ፊት ለፊት የሥዕል መጽሔትና የጨዋታ ሣጥን ይሸጣል፤ ከኋላ፣ ማሞቂያው በሚያጉረመርምበት ክፍል፣ የእኛ ጠረጴዛ አለ። ጨዋታችን ተረት እንደመፍጠር ያለ ነው። ባለሱቁ ግሌን ታሪኩን ይመራል፤ እኛ ደግሞ እያንዳንዳችን አንድ ሰው እንሆናለን፦ ተዋጊ፣ ጠንቋይ፣ ሌባ፣ ፈዋሽ። ያሰብነው ይሳካ አይሳካ የሚታወቀው በየገጹ ቁጥር የተጻፈበት ባለ ብዙ ገጽ ጠጠር ጥለን ነው። እኔ ፈዋሽ ነኝ። መጀመሪያ የመጣሁ ቀን ተዋጊ የሚሆነው ዌይድ «ጎሽ፣ ፈዋሽ አገኘን» አለ፤ በዚያው ቀረሁ። ይኸው ስንት ዓመቴ፣ የወንዶች ቁስል ስሰፋ።

ጠረጴዛው የራሱ ሕግ አለው። የሰው ጠጠር አይነካም። ከነኩት ዕድሉ ይሄዳል ይባላል፤ ልጅ ድረው የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎች ይህን ያምናሉ፣ እኔም አምናለሁ። ጠጠርህ መሬት ቢወድቅ ራስህ ተንበርክከህ ትፈልጋለህ እንጂ ማንም አያነሳልህም። አዲስ ሰው ሲመጣ ደግሞ ሌላ ልማድ አለ። ሦስት ጥያቄ ይጠየቃል። ከዚያ ጠጠሮቹ ጨው በበዛበት ውኃ ላይ ይንሳፈፋሉ፤ የተጭበረበረ ጠጠር አንድ ጎኑ ስለሚከብድ ሁልጊዜ ያንኑ ቁጥር ወደ ላይ ያሳያል።

አዲስ ሰው ሲባል ግን ሴት ማለት ነው። ኩርትን ተመልከቱት። የዌይድ ሚስት ወንድም ነው፤ ቅጠል ሲረግፍ መጣና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። የትኛው ጠጠር መቼ እንደሚጣል አያውቅም ነበር፣ ዛሬም አያውቅም። ማንም ምንም አልጠየቀውም። የራሱ ጠጠር ስላልነበረው እጁን ዘርግቶ የእኔን አነሳ። ግሌን አየና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ከአንገት በላይ።

ማርጎ የመጣችው ሐይቁ ዳር ዳሩን በረዶ ሲይዝ ነው። ገና ወጣት ናት፤ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፣ የሥራ ጫማዋን እንኳ አልቀየረችም። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት መጽሔት ልትገዛ ገብታ ሳለ ነው ጠረጴዛውን ያየችው፤ ግሌንንም ቦታ አላችሁ ወይ ብላ ጠየቀችው። «ቅዳሜ ብቅ በይ፣ እናያለን» አላት። ይህን የነገረኝ እየሳቀ ነው።

ከእሷ በፊትም ሴቶች መጥተው ያውቃሉ። አንዳቸውንም በሁለተኛው ቅዳሜ አላየኋቸውም። ስለዚህ ያን ቀን የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ይህችኛዋ እንድትመለስ። አጠገቤ ወንበር ስባ እንድትቀመጥ፣ ዌይድ ሲቀልድ ቀና ብዬ የማየው አንድ ፊት እንዲኖረኝ። ብቸኛ ሴት መሆን እጅ እጅ ብሎኝ ነበር።

ካፖርቴን ሳላወልቅ ግሌን ወደ መደርደሪያው ጥግ ሳብ አደረገኝ።

«ሎርናዬ፣ ጥያቄውን ዛሬ አንቺ ጠይቂያት።»

«ለምን እኔ?»

«ከአንቺ ቢመጣ ይሻላል። ባለፈው የመጣችው ዌይድን ተቀይማ፣ በየቦታው ስማችንን አጠፋችው አይደል። ሴት ለሴት ስትሆኑ ያምራል።»

«ካልጠየቅናትስ?»

«ኧረ ተይ፣ ልማድ እኮ ነው። አንቺስ አልተጠየቅሽም? ምን ሆንሽ?»

ምን ልበለው? ዌይድ ከሚጠይቃት እኔ ብጠይቃት ቀለል ይላል አልኩ በልቤ። ቶሎ አልፋው ትቀመጣለች። እንዲህ ብዬ ራሴን አሳምኜ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ።

ማርጎ ጠጠሮቿን ከትንሽ የጨርቅ ከረጢት አውጥታ ፊቷ ደርድራለች። አሮጌ ፕላስቲክ ናቸው፤ ማዕዘናቸው ተበልቶ ክብ ሊሆን ደርሷል፣ ቁጥሮቹ በሰም እርሳስ የተሞሉ። እንዲህ ያለውን ከዓመታት በኋላ ማየቴ ነው። ድሮ ጠጠር ሲሸጥ ቁጥሩ ቀለም አልነበረውም፤ ገዢው ራሱ እየቀባ ይሞላዋል። ዌይድ ግን ያየው አሮጌነታቸውን ነው።

«ከየትኛው ቆሻሻ ገንዳ ነው ያወጣሻቸው?» አላት።

«ሰላም ለአንተም ይሁን» አለችው።

ወደድኳት። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ማርጎ፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ለአዲስ ሰው የምንጠይቃት ነገር አለች። አትጨነቂ፣ ቀላል ናት። በድሮው የጨዋታ ሕግ የብረት ልብስ ቁጥር ሲያንስ ነው ወይስ ሲበዛ የሚሻለው?»

አየችኝ። ከዚያ ወንዶቹን አየች። «ሲያንስ» አለች።

«ፈዋሽ በሰይፍ ይዋጋል?»

«በድሮው ሕግ አይዋጋም። ዱላ ነው የሚይዘው።»

ኩርት «እንዴ፣ እውነት?» አለ።

ሦስተኛውን ልጠይቅ ስል ዌይድ እጁን አነሳ። «ቆይ ቆይ፣ ሎርና ታደላለች። እኔ ልጠይቅ። ወይዘሪት፣ ይህን ሁሉ ማን አስተማረሽ? የወንድ ጓደኛሽ ነው?»

«እናቴ ናት።»

«እሺ፣ እናትሽንስ ማን አስተማራቸው?»

ተሳቀ። ግሌን ሳቁን በእጁ ሸፈነ፣ ጨዋ ነዋ። ማርጎ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። የደከማት ነው የመሰለኝ። በዚያ ዕድሜዋ ያን ድካም ፊቷ ላይ ማየቴ አንጀቴን በላው።

«አንቺንም ጠይቀውሽ ነበር?» አለችኝ።

«አዎ።»

«መልሰሽ ነበር?»

«ሁሉንም።»

«ታዲያ አለቀ?»

አዎ አለቀ ብላት ትቀመጥ ነበር ይሆናል። ግን ባለፈው ቅዳሜ ሕግ ተናግሬ ግሌን ከመጽሐፉ ሳያረጋግጥ እንዳልተቀበለኝ ትዝ አለኝ፤ ኩርት ያንኑ ቢል ዝም ብሎ ያልፋል። የፈራሁት እሷን ማጣት ነው፤ ዋሽቼ ባስቀምጣት ደግሞ እንደ እኔ ነው የማደርጋት።

«አላለቀም» አልኳት። «እስካሁን እየመለስኩ ነው።»

ግሌን «ሎርና፣ ምነው?» አለ፣ ቤቱን ያረከስኩበት ይመስል።

ዌይድ ነገሩን በቀልድ ሊያሳልፈው ፈለገ። ቀድሞ ያዘጋጀውን የጨው ውኃ ብርጭቆ ሳበና የማርጎን ጠጠሮች በመዳፉ ሙሉ አፍሶ ጨመራቸው። አልጠየቃትም። የሰው ጠጠር አይነካም የሚለው ዌይድ፣ ሚስቱ ቤት ስታጸዳ ጠጠሩን ብታነሳበት አንድ ወር ያኮረፈው ዌይድ።

«ተመልከቱ፣ ተመልከቱ፣ ባለ ሃያ ገጹ ሰባትን ነው የሚያሳየው» እያለ በጣቱ ይገለብጣቸዋል።

«መልስልኝ» አለች ማርጎ።

«ቆይ እንጂ፣ ገና አልጨረስኩም።»

«እንግዲያው ያዘው።» ተነሳች። ካፖርቷን ለበሰች፣ ባዶውን ከረጢት ኪሷ ከተተች፣ ለእኔ ብቻ አንገቷን ነቅነቅ አድርጋ ወጣች። የበሩ ደወል ጮኸ።

«አየሽ?» አለኝ ግሌን። «እነዚህ ልጆች ቀልድ አይችሉም። በይ ተቀመጪ፣ እንጀምር። ዌይድን ድልድዩ ላይ ቆስሎ ነው የተውነው፤ ተራው የአንቺ ነው።»

ተቀመጥኩ። ሰው ለምን ተቀመጥሽ ይለኝ ይሆናል፤ የለመደ እግር ነው። ግሌን ታሪኩን ጀመረ። ወንዙ ሞልቷል፣ ጠላት ከኋላ ደርሷል፣ ተዋጊው ደሙ እየፈሰሰ ነው። እኔ የማየው ብርጭቆውን ነው። ያቺ ባለ ሃያ ጠጠር መሐል ላይ ቀስ ብላ ትዞራለች። ቁጥሮቿን አንዲት ሴት በሰም እርሳስ አንድ በአንድ የሞላቻት፣ ለልጇ የሰጠቻት።

«ሎርና» አለ ዌይድ፣ «ፈውሺኝ እንጂ። በዚህ ዙር ካልደረስሽልኝ እኮ እሞታለሁ።»

«ሙት» አልኩት።

ሳቁ። ከዚያ እንዳልቀለድኩ ገባቸው። ግሌን እርሳሱን አስቀመጠ።

«ተዋጊዬ እኮ ዘጠኝ ዓመት የኖረ ሰው ነው» አለ ዌይድ፣ ድምፁ በእውነት ተሰብሮ። «ሎርና፣ በዚህ አይቀለድም።»

«እሱስ ልክ ነህ።» የራሴን ጠጠሮች ሰበሰብኩ፤ ኩርት እጅ ያለውን ሳይቀር። «አምጣት» ስለው እንደ ተማሪ መዳፌ ላይ አኖራት። ከዚያ ብርጭቆውን አነሳሁ። ጠጠሮቹን ማውጣት ይቀለኝ ነበር፤ እጄ ግን እምቢ አለ። ሕጉ ያለው እኔ ውስጥ ብቻ ቢሆንም አለ። ብርጭቆውን እንዳለ፣ ከነውኃው፣ ይዤ ወጣሁ።

«ብርጭቆው የእኔ ነው» አለ ግሌን ከኋላዬ። ሊል ከሚችለው ሁሉ መርጦ ያለው ይህን ነው።

ውጪ ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች፣ ከሐይቁ የሚመጣው ንፋስ ጥርስ ያስነቅላል። ማርጎ መኪናዋ ዘንድ ቆማ የመስተዋቱን በረዶ ትፍቃለች፤ እያለቀሰች ነበር መሰለኝ፣ ወይም ብርዱ ነው። ብርጭቆ ይዤ በረዶ ላይ እየተንሸራተትኩ ስመጣ ስታይ መፋቋን ተወች።

«በብርጭቆ?» አለች።

«የሰው ጠጠር አልነካም።»

ጓንቷን አውልቃ ጣቶቿን ውኃው ውስጥ ከተተች፣ አንድ በአንድ አወጣቻቸው፣ በሸሚዟ እያደረቀች ከረጢቷ ውስጥ መለሰቻቸው። እኔ ብርጭቆውን ይዤ ቆምኩ። ጣቴ መደንዘዝ ጀምሯል።

«ጥያቄውን ባልጠይቅሽ ይሻል ነበር» አልኳት። «እኔ ካልጠየቅሁሽ እነሱ ይብሱብሻል ብዬ ነው።»

«ገብቶኛል። ግን አንቺ ስትጠይቂኝ ነው የባሰኝ።»

ውኃውን በረዶው ላይ ደፋሁት።

«ወደ ውስጥ ትመለሻለሽ?» አለችኝ።

«አይመስለኝም። ዌይድን ገድዬው ነው የወጣሁት።»

ማርጎ ሳቀች፤ የመጀመሪያዋ ሳቅ ናት። የመኪናዋን በር ከፍታ እጀታውን እንደያዘች ቆየች።

«እሁድ እሁድ እናቴ ቤት እንጫወታለን። እሷ ናት የምትመራው፤ ክፉ ናት፣ ለማንም አታዝንም። ሁለት ጎረቤቶቿ አሉ፣ አንድ ሰው ይጎድለናል። አንቺ ምን ሆነሽ ትጫወቻለሽ?»

ቀጥ ብዬ ቆምኩ። «ፈዋሽ» አልኩ፣ «በድሮውም በአዲሱም ሕግ እችላለሁ። በድሮው ስለት አይዝም፣ በአዲሱ ይይዛል፤ ሙታን ስታባርሪ መጀመሪያ የምትጥዪው...»

«ሎርና» አለች ቀስ ብላ። «እየፈተንኩሽ አይደለም። ምን መሆን ደስ ይልሻል ነው ያልኩሽ።»

ያን ሁሉ ዓመት፣ ያን ሁሉ ቅዳሜ፣ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔም ራሴን ጠይቄው አላውቅም። ብርጭቆው ባዶ ሆኖ እጄ ላይ አለ፤ በመስኮቱ በኩል የግሌን ጭንቅላት ብቅ ብሎ ጠፋ።

«ሌባ» አልኩ መጨረሻ ላይ። ድምፄ ቀጥኖ የልጅ ድምፅ ሆነብኝ። «ሌባ መሆን ነው የምፈልገው።»

«ጥሩ» አለች ማርጎ። «ግቢ፣ ብርድ ነው።»

ብርጭቆውን ይዤ መኪናዋ ውስጥ ገባሁ።