ዝም ያለችው ላንድሮቨር

ሀይሉ መኪና መጠገን እንጂ ማመስገን አይችልበትም ነበር። እንጅባራ ውስጥ አሮጌ ላንድሮቨር የገዛ፣ የወረሰ ወይም ከሣር ውስጥ ጎትቶ ያወጣ ሁሉ የሚመጣው ወደ እሱ ጋራዥ ነው። ሞቷል የተባለ ሞተር ያስነሳል። «እግዜር ይስጥልኝ» ማለት ሲመጣ ግን ምላሱ ይተሳሰርና የወደቀ ቡሎን እንደሚፈልግ ሰው አቀርቅሮ ይቀራል። ኩራተኛ ነው ያሉት ነበሩ። ኩሩስ አልነበረም፤ ነገሩ ሲበዛበት አፉ እምቢ ይለው ነበር እንጂ።

ከሁሉ በላይ ሊያመሰግናቸው የሚገባው ሰው ጋሽ አበረ ነበሩ። ሀይሉ ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ ከወሎ ተነቅሎ ከጫግኒ በታች ቆላ ሰፈረ። በመጀመሪያው ክረምት እናቱን ውዴን ወባ ጣላት። በዚያ መንገድ የሚያልፈው መኪና የጋሽ አበረ ላንድሮቨር ብቻ ነበር። ጋሽ አበረ የጫኑትን ጨው ከነጆንያው መንገድ ዳር አራግፈው፣ ውዴን ከነልጇ አሳፍረው፣ በዚያ ጭቃ ጫግኒ አደረሷት። ጨውን ዝናብ በላው። እሳቸው ግን ስለ ጨው አንድም ቀን ትንፍሽ ብለው አያውቁም። ውዴ ዛሬም እንጅባራ ከልጇ ጋር ትኖራለች፤ ጠዋት ጠዋት ብርዱን እየረገመች፣ ጋሽ አበረን እየመረቀች።

በሁለት ሺህ ስድስት ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ከቆመች ዓመታት ያለፏት ያችው ላንድሮቨር በአይሱዙ ተጎትታ ጋራዡ በር ላይ ደረሰች። ጋሽ አበረ መሬቱን በእግራቸው እየዳሰሱ ወረዱ።

«ዓይኔ እየከዳኝ ነው፣ ልጄ» አሉት። «ጭራሹን ሳይጨልምብኝ አንድ ጊዜ ወደ ቆላ ልውረድባት። ያ አገር ሠላሳ ዓመት ሙሉ አብልቶ አጠጥቶኛል፤ ጭቃ ሲውጠኝ በበሬ ጎትቶ አውጥቶኛል። ሳላመሰግነው መቅረት አልፈልግም። እንድትሄድ ብቻ አድርጋት። ሌላውን ተዋት።»

«እሺ ጋሼ» አለ ሀይሉ። በአፉ እሺ አለ፤ በእጁ እምቢ አለ።

ፍሪሲዮኑን ቀየረ፤ ካርቡራተሩን ፈትቶ አጠበ፤ ፍሬኑን አደሰ። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ እኔም የማወራው ባልኖረኝ። እሱ ግን አፉ ያቃተውን ምስጋና በእጁ ሊጨርሰው ቆርጦ ተነሣ። የተጨረማመተውን ላሜራ አቃና፤ ያልቃናለትን በስቱኮ ሞላ፤ ሁሉንም አረንጓዴ ቀለም ቀባ። ሲንቋቋ የኖረውን በር በጎማ ለጎመው። የጭሱን ድምፅ የሚያፍነው ማርሚታ ድሮ አንድ ወንዝ ውስጥ ወድቆ ቀርቶ ነበር፤ እሱንም አዲስ አምጥቶ ገጠመላት። አገር ስታናውጥ የኖረች መኪና ምድጃ ዳር የተኛች ድመት ሆና አረፈችው።

«ተነሣች እንዴ?» አሉ ጋሽ አበረ፣ ሞተሩ እየሠራ ሳለ። ከዚያ ለስላሳውን ላሜራ በመዳፋቸው እየዳሰሱ ዞሯትና፣ ቆየት ብለው፣ «አምሮባታል» አሉ። ሀይሉ ከደስታ የተነሣ ቃል አጥተው መሰለው።

ኅዳር ላይ ወረዱ። እስከ ጫግኒ አስፋልቱን ሀይሉ ነዳ። አስፋልቱን ለቀው አቧራው ሲጀምር ጋሽ አበረ፣ «ይሄን መንገድ የሚያውቀው ዓይኔ ሳይሆን መቀመጫዬ ነው» ብለው መሪውን ተረከቡ። መንገዱን ሁሉ ሲያወሩ ነበር። ከዳገቱ ጫፍ ብቅ ሲሉ ሰዉ ድምጿን ሰምቶ እንዴት ይወጣ እንደነበረ፤ አንዱ እሸት፣ አንዱ ጠላ፣ በሽተኛ ያለው በሽተኛውን ይዞ እንዴት መንገድ ዳር ይጠብቅ እንደነበረ። ለምስጋናው የሚናገሩትንም አዘጋጅተው ነበርና ሁለት ጊዜ ለሀይሉ አሰሙት።

መንደሩ መሀል ደርሰው ቆሙ። ማንም አልወጣም።

እንዲያውም አንድ በር ሲዘጋ ተሰማ። ሁለት ጎልማሶች ሳይሮጡ፣ ግን ፈጠን ብለው፣ ማሽላው ውስጥ ገቡ። አንዲት ሴት ዶሮዎቿን ሳይቀር ሰብስባ አስገባች። ከአጥር ጀርባም «የመሬት ለኪዎች መጡ! መሬታችንን ሊቀሙን ነው!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ጋሽ አበረ ጡሩምባውን ነፉ። ጡሩምባውም አዲስ ነበርና የቀረውም በር ተዘጋ።

«ረስተውኛል» አሉ ሽማግሌው። መሪውን እንደያዙ እንባቸው ወረደ።

ሀይሉ በሩን ከፈተ። «እርስዎን አልረሱም፣ ጋሼ። እሷን ነው ያላወቋት። አፏን የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

«እንድትሄድ ብቻ ብዬህ ነበር እኮ» አሉ፤ ቁጣ ግን አልነበረበትም፤ ለሀይሉ የባሰውም ይኸው ነበር።

መፍቻውን አንሥቶ፣ ለጉዞው የለበሰውን ጥሩ ልብስ ሳያስብ፣ ከመኪናዋ ሥር ገባ። ማርሚታው እንደጋለ ነበርና ጣቶቹን ጠበሰው። እየተሳደበ ፈታው፤ ጎትቶ ጣለው። «ያስነሷት!» ብሎ ጮኸ።

ላንድሮቨሯ አገሳች። ዳገቱ መልሶ አስተጋባ።

መጀመሪያ ከማሽላው ውስጥ ሽበታሙ አየነው ብቅ አለ። «አበረ! ኧረ አበረ ነው!» እያለ መጣ፤ የመኪናዋን ዙሪያ አይቶም ሳቀ። «ማነው እንዲህ የኳላት? ልኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች አሉ!» ከዚያ በሩ ሁሉ ተከፈተ። ሽማግሌው ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ትንፋሽ አጠራቸው።

«ዛሬ የመጣሁት…» ብለው ንግግራቸውን ጀመሩ።

«አባቴን ያተረፍክ!» አለ አንዱ። «ይቺን ልጅ በነፍስ ያደረስክልኝ!» አለች ሌላዋ።

«ዝም በሉ እንጂ! ላመሰግን የመጣሁት እኔ ነኝ!» ብለው ጮኹ። ማን ሊሰማቸው! ምስጋናው ጠብ ሊመስል ምንም አልቀረው።

በዚህ መሀል አራት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው እየሮጡ ደረሱ። ወርቅነሽ የምትባል ወጣት ነበረች፤ ከትናንት ጀምሮ አምጣለች። አምቡላንስ እንዳይጠሩ ኔትወርክ የለም፤ በትከሻ ተሸክመዋት ሊጓዙ ሲነሡ የላንድሮቨሯን ድምፅ ሰሙ። «አበረ መጥቷል ብለን ነው» አለ ባሏ፣ እያለከለከ።

ጋሽ አበረ ንግግሩን ረሱት። ወደ መሪው ሁለት እርምጃ ሄዱና ቆሙ። መንገዱን አዩ፤ ቃሬዛው ላይ ያለችውን አዩ። ሐኪም እንኳ ሊያስለቅቃቸው ያልቻለውን መሪ ወርቅነሽ አስለቀቀቻቸው። «አንተ ንዳ» አሉት ሀይሉን። «ጉድጓዱን እኔ እነግርሃለሁ።»

ወርቅነሽ ያን ዕለት ጫግኒ ላይ ሴት ልጅ በሰላም ተገላግላለች። ልባችሁ እንዳይንጠለጠል አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ የምጨርሰው ግን በመንገዱ ላይ ነው።

ሀይሉ በተቃጠሉ ጣቶቹ መሪውን ይዞ፣ ጋሽ አበረ «ግራ ያዝ፤ አሁን ቀስ» ባሉት ቁጥር እየታዘዘ ነዳ። በየመሀሉ ወደ ኋላ ዞረው «አይዞሽ እናቴ፣ ደርሰናል» ይሏታል። ገና ብዙ ይቀራቸው ነበር። ያኔ ለውዴም እንዲሁ ነበር ያሏት፤ ሀይሉ ከእናቱ እግር ሥር ተቀምጦ ሰምቷቸዋል፣ አምኗቸውማል።

«ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

«ምን አልክ?» መኪናዋ ይህን ቀርቶ ነጎድጓድም አታሰማም።

«እግዜር ይስጥልኝ!» ብሎ ጮኸ ሀይሉ፣ እንባው በአቧራው ላይ እየወረደ። «ስለ እናቴ! እግዜር ይስጥልኝ ነው ያልኩት!»

ጋሽ አበረ ያንን ደካማ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ እጃቸውን ትከሻው ላይ አኖሩ፤ ጆሮውም ድረስ ተጠጉ።

«ሰምቻለሁ፣ ልጄ» አሉ። «በል አሁን ንዳ።»