መሬት ማስያዝ

«አጥፋው! አጥፋው አልኩህ እኮ!»

ይሄይስ ከኪቦርዱ ጀርባ ሆኖ እጁን አወናጨፈ። ማረው ክሩን ገና አልነካውም ነበር። ቤዝ ጊታሩ ትከሻው ላይ እንደ ተንጠለጠለ፣ ከትልቁ ስፒከር ግን «እምምም» የሚል፣ እንደ ተቆጣ ንብ ቀፎ ያለ ጉርምርምታ እየወጣ የዳሱን ምሰሶ ያንቀጠቅጠው ያዘ። ዳሱ ጥግ ሽንኩርት የሚከትፉት ሴቶች ተጠቃቀሱ።

«የማን ላም ናት እንዲህ ያማጠች?» አለች አንዷ፤ ሌሎቹም ሳቁ።

«ከጄኔሬተሩ ነው» አለ ማረው።

«ከጄኔሬተሩ ቢሆን የኔ ኪቦርድ ለምን አይጮህም? ያ አሮጌ እንጨትህ ነው!» ይሄይስ ወደሱ ጠጋ ብሎ ድምፁን ቀነሰ። «ስማ፤ የባሕር ዳሩ ባለሆቴል ሰባት ሰዓት ላይ ይመጣል። የሙሽራው አጎት ነው። ዛሬ ከወደደን ዓመቱን ሙሉ ሥራ አገኘን ማለት ነው። እስከዚያ ይሄ ነገር ካልጠፋ ቤዙን እኔው ኪቦርዱ ላይ በግራ እጄ እመታዋለሁ። አንተ ስፒከር ትጭናለህ፣ ታወርዳለህ፤ በቃ።»

ማረው አሥራ አራት ዓመት ከዚህ ሰው ጋር ከወረታ እስከ ሐሙሲት ያልዞረበት ሠርግ የለም፤ ያልዋጠውም ነገር የለም። ሕዝቡ ዘፋኝ ያያል፣ ኪቦርድ ያያል፤ ቤዝ የሚባለውን ነገር የሚያውቀው ሲጎድል ብቻ ነው። ያን ጊዜ እንኳ የጎደለው ምን እንደ ሆነ አያውቅም፤ «ዛሬ ጭፈራው ቀዘቀዘ» ይላል እንጂ።

ይሄን ቤዝ ባሕር ዳር ሲገዛ ነጋዴው የሚያብረቀርቅ ባለ አምስት ክር አውጥቶ ነበር። ማረው ግን በኤሌክትሪክ ሳይሰካው የእያንዳንዱን ጊታር ቀንድ መንጋጋው ላይ እየደገፈ ክሩን ነካ ነካ አደረገ። ባለ አምስቱ እንደ ባዶ ጣሳ ዝም አለ። የቀለሙ የተላጠው ባለ አራት ክር ድምፅ ግን አጥንቱ ውስጥ ገብቶ ቆየ። እሱን ወሰደ። በእግር ከሚረገጡት የኢፌክት ሣጥኖችም ድምፅ የሚያጣምሙትን ሁሉ ትቶ፣ ጠንካራውንና ደካማውን ምት የሚያስተካክለውን አንዲት ሣጥን ብቻ መረጠ። ይሄይስ «የድሀ ምርጫ» ብሎ የሣቀበት ሣቅ እስከ ዛሬ ጆሮው ላይ አለ።

መድኃኒቱን ግን ያውቀዋል። ጄኔሬተሩ ከአፈር ጋር የሚያገናኘው ሽቦ የለውም። ማረው ቤዙን አስቀምጦ ከመኪናው ላይ የክንድ ተኩል ብረት አወረደና ከዳሱ ጀርባ፣ ከሩዙ ማሳ ዳር ሄደ። ሠርጉ ያለበት የቁሐር ሚካኤል ጥቁር አፈር በጥር ከላይ ተሰነጣጥቆ ይደርቃል፤ ክንድ ያህል ሲወርዱ ግን ገና እርጥብ ነው። ብረቱን በመዶሻ መትቶ አስገባው። ከጄኔሬተሩና ድምፁን ሁሉ ከሚቀላቅለው ሚክሰር ገላ ሽቦ ጎትቶ አሰረበት። አፈሩ ኤሌክትሪኩን በደንብ እንዲጠጣ ጨው በዙሪያው በተነ፤ ከጆግ ውኃ አፈሰሰበት።

ጉርምርምታው ጠፋ። በቢላ እንደ ተቆረጠ ጠፋ።

«ማሬ!» አለች ዘፋኟ አምሳል ከውስጥ። «ማይኩ ከንፈሬን መንከስ ተወ! ምን አደረግከው?»

ሮጦ ገባና ቤዙን አነሣ። አንድ ድምፅ መታ። ድምፁ በመሬት ውስጥ ሄዶ ሽንኩርት ከታፊዎቹን ከእግራቸው ሥር ያዛቸው፤ አንዷ ቢላዋን ይዛ ትከሻዋን መነቅነቅ ጀመረች። አምሳል ገባችበት፣ ይሄይስ ሳይወድ በግድ ተከተለ። ማረው ዓይኑን ጨፈነ። ለሁለት ደቂቃ ያህል የማንም ልጅ አልነበረም።

ከዳሱ ጀርባ ጩኸት ተሰማ።

የሙሽራዋ አክስት እመት ታይቱ ብረቱ ላይ ቆመው ራሳቸውን ይዘዋል። «ምንድን ነው የቀበርክ? አንተ የቀጥቃጭ ልጅ! ምንድን ነው የቀበርክ?»

«የቀበርኩት ነገር የለም እመት። መሬት እያስያዝኩ ነው።»

«ምን አልክ?»

«አስይዤ ጨርሻለሁ፤ አያስቡ።»

ቃሉ ከአፉ እንደ ወጣ ምን እንደ ተናገረ ገባው። ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ ማስያዝ ማለት ሽቦን ከአፈር ማገናኘት ነው። ለቁሐር ሰው ግን፣ አባቱ ብረት ቀጥቃጭ የሆነ ሰው፣ በሠርግ ዳስ ጀርባ ብረት ቀብሮ፣ ጨው በትኖ፣ ውኃ አፍስሶ «አስይዤ ጨርሻለሁ» ካለ ትርጉሙ አንድ ነው።

«ሙሽራዋን አስያዛት! ኧረ የሰው ያለህ!»

ሰው ተሰበሰበ። የሙሽራዋ አባት አያ ንብረት ከመሀል ወጡ። አልጮኹም፤ ደግ ሰው ናቸው፤ የሳቸው ደግነት ከጩኸቱ ይብሳል።

«ማረው ልጄ፣ እኔ አላምንም። እኔ እንደነዚህ አይዶለሁም። ግን እናቷ ደም ግፊት አለባት። ንቀለውና እንረፍ።»

«አያ ንብረት፣ ኤሌክትሪክ ነው። ከተነቀለ አምሳልን ይነክሳታል።»

«ይነክሳታል አለ! በአፉ ተናገረ!» አሉ እመት ታይቱ።

«ኧረ ማይኩ ነው የሚነክሰኝ!» አለች አምሳል።

«አንቺ ዝፈኝ! ነገሩ የት ገብቶሽ!»

ማረው ወደ ይሄይስ ዞረ። ይሄይስ ነገሩን ያውቀዋል። ወረታ ባለው ቤቱ ግቢ ውስጥ እንዲህ ያለውን ብረት የቀበረለት ማረው ራሱ ነው። «እኔም ቤት አለ» ቢል ነገሩ እዚያው በሣቅ ያልቅ ነበር። ሰዎቹ የሱን ቃል ያምናሉ፤ የቄስ ልጅ ነው።

ይሄይስ ጎንበስ ብሎ የኪቦርዱን ገመድ ማስተካከል ጀመረ።

ብረቱን ሁለት ጎረምሶች ነቀሉት። በእጃቸው አልነኩትም፤ በገመድ ጠልፈው ጎትተው ከማሳው ማዶ ወረወሩት። ጉርምርምታው ተመለሰ።

«የቤዙን ገመድ ንቀለው» አለ ይሄይስ ዓይኑን ሳያነሣ። «ሰውየው ደርሷል።»

ማረው ነቀለው፤ ጉርምርምታውም ቆመ። ከዚያ ደረቅ ጣውላ ፈልጎ ከአምሳል እግር ሥር አነጠፈላት፤ ማይኩንም በመሀረቡ ጠቀለለላት። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ሚክሰሩ ጋ ሄዶ ተቀመጠ። የይሄይስ ግራ እጅ ቀጭን ነበር፤ እንደ ፕላስቲክ ባልዲ ይንኳኳል። ማረው ሊተወው ይችል ነበር። ግን እጁ እምቢ አለው፤ ወፍራሙን ድምፅ ከታች ሞላለት፣ ቀጭኑን ከላይ ቀነሰለት፣ ድምፁን ሰው አስመሰለው። ዳሱ ተነቃነቀ።

ባለሆቴሉ ሥጋውን እየቆረጠ ወደ ይሄይስ ጮኸ፦ «ቤዙ ነው የገደለኝ! ይሄን ቤዝ ነው የምፈልገው!»

ይሄይስ ጎንበስ ብሎ አመሰገነ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማረው ስፒከሮቹን መኪናው ላይ ሲጭን ይሄይስ በመስኮት አንገቱን አወጣ። «ነገ ባሕር ዳር ነው የምንገባው፤ ገመዶቹን ጠዋት ጠቅልልልኝ እሺ? አትቀየመኝ፤ እንጀራ ነው።»

ማረው ሊመልስለት ሲል አያ ንብረት በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው መጡ። ፊታቸው ላይ እፍረት የለም፤ በርግጥም ምንም ያደረጉ አልመሰላቸውም።

«ማረው ልጄ፣ ማረሻዬ ዶልዱሟል። ለአባትህ አድርስልኝ። የሱን እጅ የመሰለ ፎገራ ላይ የለም።»

ማረው ጆንያውን አየው። ቀጥሎ ከመኪናው ጎን መሬት ላይ ያስቀመጠውን ቤዝ አየው። ቤዙን አንሥቶ ከስፒከሮቹ መሀል አስገባውና የመኪናውን የኋላ በር ዘጋ፤ እሱ ግን አልተሳፈረም። ማረሻውን በሁለት እጁ ተቀበለ።

«አባቴ ዓይኑ ደክሟል» አለ። «እኔው እሠራልዎታለሁ።»