የባታ ዕለቱ ምት

አያልነህ የተሰበረው በታኅሣሥ ባታ ዕለት ነው። ሩዙ ታጭዶ፣ ከብቱ እርሻው ላይ ተለቆ፣ ሰዉ ዓመቱን ሙሉ የጠበቀው የገና ጨዋታ ገና መጀመሩ ነበር። በዓሉ ሊደርስ ሃያ ስድስት ቀን ቀርቶታል። እነዚያን ሃያ ስድስት ቀናት አያልነህ ግራ እግሩን በቀርከሃ ታስሮ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ሊያሳልፋቸው ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን "እግዜር ያመጣው ነው" ብሎ ያርፍ ነበር። አያልነህ እንዲህ የሚያርፍ ሰው አይደለም። አሥራ አንድ ዓመት የታች ሰፈርን ወገን ሲመራ ኖሯል። ቆልማማውን ዱላ ከወይራ ራሱ ይጠርባል፣ ራሱ ቅቤ ያሸዋል፣ ሰው አያስነካውም። ጥንጓን፣ ያቺን ከእንጨት የተጠረበች ድቡልቡል፣ አንዴ ካገኛት የላይ ሰፈሮች ወሰን ሳያደርሳት አይመለስም። ይህን ሌላ ሰው ሲናገርለት ደስ ይለዋል፤ የሚናገርለት ሲጠፋ ራሱ ይናገረዋል።

ያን ቀን ጥንጓ ከሰው እግር መሀል ገባች። አሥር አሥራ አምስት ሰው ተረባረበባት። አቧራው ተነሣ፣ ዱላ ከዱላ ተንቋቋ። አያልነህም ዱላውን ከትከሻው በላይ አንሥቶ ባለ በሌለ ኃይሉ ሰነዘረ። በዚያው ቅጽበት ግራ ቅልጥሙ ቋ አለ። ከዚያ በኋላ የሚያስታውሰው ሰማዩንና ከላዩ የተደፋውን የጓደኛውን የዘመኑን ፊት ነው። "አይዞህ፣ አይዞህ ወንድሜ" ይለው ነበር ዘመኑ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በዚያ ሰፈር በገና ጨዋታ የተመታ ሰው "ማን መታኝ?" ብሎ አይጠይቅም። ነውር ነው። ጥርሱ የረገፈም ግንባሩ የተፈነከተም ደሙን ጠርጎ ይስቃል እንጂ ስም አይጠራም፤ አለዚያ ጨዋታው ጠብ ይሆናል። አያልነህ ራሱ ይህን ለስንቱ ጎረምሳ እየተቆጣ አስተምሯል። ስለዚህ መጠየቅ አልቻለም። መጠየቅ ያልቻለ፣ መሮጥም ያልቻለ ሰው ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ከመጠርጠር በቀር ምን ሥራ አለው?

መጠርጠር የጀመረው ወጌሻው እጅ ላይ ሳለ ነው። አዛውንቱ አያ ማረው አጥንቱን አቃንተው፣ ቀርከሃውን ደርድረው ሲያስሩት፣ አያልነህ ነውሩን ዞር አድርጎ ሞከረው።

"እንዲያው አያ ማረው፣ ምቱ ከየት በኩል እንደመጣ ይታወቅዎታል?"

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ከቀኝህ በኩል ነው የመጣው" አሉ።

"ከቀኜ? ከቀኜ ማን ነበር?"

"እኔ አጥንት ነው የማስር ልጄ፤ ምስክር አይደለሁም። አርባ ቀን እንዳትረግጥበት" ብለው ወደ ሚስቱ ወደ ገላነሽ አዩ። ገላነሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ግድግዳው ዞረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አያልነህ ያን ጊዜ ለእሱ አዝና የምታለቅስ መስሎት ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ግን ነገሩን ሲያመነዥከው፣ ለቅሶው ለቅሶ አልመስል አለው።

ከቀኝ በኩል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከቀኙ የሚቆመው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ዘመኑ።

ዘመኑ ደግሞ ለአያልነህ እንዲህ በቀላሉ የሚጠረጠር ሰው አይደለም። መቀናጆው ነው። አያልነህ አንድ በሬ አለው፣ ዘመኑም አንድ በሬ አለው፤ ሁለቱን ባንድ ቀንበር ጠምደው የሁለቱን መሬት በየተራ ያርሳሉ። አንዱ ቢቀር የሌላው በሬ ሥጋ ብቻ ነው። እንዲህ ሲኖሩ አሥራ አራት ዓመት ሆናቸው። አሁንም ሩዙ ከተነሣ በኋላ በርብ ወንዝ ዳር ያለው መስኖ ለሽንኩርት መታረስ አለበት፤ ችግኙ መደቡ ላይ ደርሶ ሰው ይጠብቃል። አያልነህ ስለታሰረ ዘመኑ ብቻውን የሁለቱንም ያርሳል። በዚህ ላይ፣ ጾሙ ለታመመ አይጸናም ብሎ፣ በየማለዳው ከላሙ ወተት በቅል ይዞ ይመጣል።

ወተቱ ነው አያልነህን እንቅልፍ የነሳው። ዘመኑ ስንት ዓመት ሲያውቀው አንድ ቀን ወተት አምጥቶለት ያውቃል? በወባ የወደቀ ጊዜ እንኳ "ተነሥ እንጂ፣ ሴት ሆንህ እንዴ" ብሎት ነው የሄደው። ዛሬ ምን ተገኘ? ጥፋት ያለበት ሰው ነው ወተት የሚያመላልሰው። እንዲህ እያሰበ ግን ወተቱን አንድም ቀን ሳይጠጣ አላደረም።

"ጨዋታው እንዴት ነው?" ይላል ቅሉን እየመለሰ።

"እንዲያው ነው፤ ያላንተ ምን ጨዋታ አለ" ይላል ዘመኑ መሬት መሬት እያየ።

ውሸት ነው። አያልነህ ከጎረቤት እንደሰማው፣ እሱ ከወደቀ ወዲህ የታች ሰፈር አራት ጊዜ ተጫውቶ አራቱንም አሸንፏል። የሚመራውም ዘመኑ ነው። ያለ እሱ ማሸነፋቸው ከእግሩ ስብራት ይልቅ አመመው። ይህን አምኖ ቢናገር ኖሮ ግማሹ በሽታ በለቀቀው፤ እሱ ግን "ለካ ለዚህ ኖሯል!" አለ። አሥራ አንድ ዓመት ከቀኜ ቆሞ ቦታዬን ሲመኝ ኖሮ!

በገብርኤል ዕለት ምርኩዙን ይዞ እንደምንም ቤተ ክርስቲያን ሄደ። ከአጥሩ ሥር የላይ ሰፈሩ ባየህና አራት አምስት ጓደኞቹ አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ይስቃሉ። እንዲያው ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። አንዱ አያልነህን አየውና ባየህን በክርኑ ጎሸመው። ሳቁ ተቆረጠ፤ ስልኩ ኪስ ገባ። "እግዚአብሔር ይማርህ ጋሼ፣ እንዴት ነው እግርህ?" አሉት ተሽቀዳድመው። የሁሉም ዓይን ግራ እግሩ ላይ ነው። አያልነህ ምርኩዙን አንሥቶ አለፋቸው። አገሩ በሙሉ የሚያውቀውን ነገር እሱ ብቻ አያውቅም። የሚያውቁትም የመታው ሰው ማን እንደሆነ ነው፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

በማግስቱ ዘመኑ ወተቱን ይዞ ሲገባ አያልነህ አልተቀበለውም።

"ዘመኑ፣ ማን ነው የመታኝ?"

ዘመኑ ቆመ። "ምን ነካህ? ይህ ይጠየቃል እንዴ?"

"ይኸው ጠየቅሁ። ነውሩ በእኔ ይሁን። ከቀኜ አንተ ነበርህ። ሰዉ ሲያየኝ ዝም ይላል። ሚስቴ እንኳ ዓይኔን አታይም። ንገረኝ፣ ማን ነው?"

ዘመኑ ቅሉን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ። ገላነሽ ከጓዳ ብቅ ብላ አፏን ልትከፍት ስትል በእጁ ከለከላት። ከዚያ አያልነህን ቀጥ ብሎ አየው።

"እኔ ነኝ" አለ።

"አውቄዋለሁ!" አለ አያልነህ። ድምፁ ያለቀሰ ሰው ድምፅ ሆነበት። "አውቄዋለሁ! በሬዬን አምጣልኝ። ዛሬውኑ! ከዚህ ወዲያ አንተና እኔ ባንድ ቀንበር አናርስም።"

ዘመኑ ቅሉን አንሥቶ ወጣ። ከሰዓት በኋላ በሬውን ራሱ ነድቶ አመጣው፣ ግቢው ውስጥ ካለው ግንድ አሰረው፣ ሄደ። በሬው ቀኑን ሙሉ ወደ ርብ አቅጣጫ እያየ ሲያገሳ ዋለ። ከመስኖው የታረሰው የዘመኑ አይደለም፤ የአያልነህ ነው፣ እሱም ግማሹ ብቻ።

አራት ቀን እንዲህ አለፈ። የሽንኩርቱ ችግኝ ከመደቡ ላይ እየረዘመ ይጋደም ጀመር። መቀናጆ የሚሆን ሰው ቢያፈላልጉ አገሩ ሁሉ ከተጣመደ ቆይቷል። በአምስተኛው ቀን ገላነሽ መደቡን አይታ ስትመለስ ፊቷ ተለዋውጧል።

"አንተ ሰውዬ፣ የኛ በሬ ብቻውን፣ የሱ በሬ ብቻውን! ልጆቻችን ምን ሊበሉ ነው?"

"የሰበረኝን ሰው ልለምን?"

"የሰበረህ ሰውስ እዚሁ ነው ያለው!" ብላ አፏን በእጇ ያዘች። ከዚያ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ቃል ስላለብኝ እኔ አልነግርህም። ወረታ አብዱልአሊም ዘንድ ሂድ። ዓይንህ ይንገርህ" አለችው።

አብዱልአሊም ወረታ ከተማ መናኸሪያው አጠገብ ስልክ የሚጠግን ሰው ነው። ጨዋታ ስለሚወድ በየዓመቱ በባታ እየመጣ በስልኩ ይቀርጻል። አያልነህ በማለዳ በባጃጅ ሄዶ፣ ምርኩዙን ከሱቁ መስኮት ላይ አሳርፎ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ፣ "የባታን ዕለት ቀርጸሃል አሉ። አሳየኝ" አለው።

አብዱልአሊም የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ። "ጋሽ አያልነህ፣ ይቅርብዎት። ዘመኑ በማግስቱ በእግሩ እዚህ ድረስ መጥቶ፣ አጥፋው ብሎ ለምኖኛል። እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት ለሰፈሩ ልጆች ልኬላቸው ነበር። እንግዲያው ለአያልነህ እንዳታሳየው ብሎ አስምሎኛል።"

"አስማለህ? ይኸው! ንጹሕ ሰው ያስምላል?" አያልነህ ጮኸ። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየው። ይህን ያህል ቀን የለፋበት ጥርጣሬ በመጨረሻ ምስክር አገኘ፤ እውነቱን ለመናገር እንደ ማሸነፍ ደስ ብሎታል።

አብዱልአሊም ተነፈሰና ስልኩን አወጣ። "አላህ ይቅር ይበለኝ፤ ይመልከቱት" አለው።

አቧራ፣ እግር፣ ዱላ። ከመሀል አያልነህ ራሱ፣ ዱላውን ከትከሻው በላይ አንሥቶ። ጥንጓን ባየህ ከእግሩ ሥር ቀድሞ ይጠልፋታል፤ የወይራው ዱላ ባዶውን ያልፍና ዞሮ የገዛ ግራ ቅልጥሙ ላይ ያርፋል። ሌላ ሰው አጠገቡም አልደረሰም። ዘመኑ ከግርግሩ ውጭ ነው፤ ስምንት እርምጃ ያህል ርቆ መቀነቱን ያጠብቃል። አያልነህ ሲወድቅ አይቶ ዱላውን ጥሎ ይሮጣል። የሰዉ ሳቅ ይሰማል። ከሳቁ መሀል የዘመኑ ድምፅ፦ "ዝም በሉ! ሕመሙ ይበቃዋል። ማንም እንዳይነግረው። ከጠየቀ ዘመኑ ነው በሉት!"

አያልነህ ሦስት ጊዜ አየው። አንደኛውን አላመነም፤ ሁለተኛውን የሌላ ሰው ዱላ ሲፈልግበት ጨረሰ። በሦስተኛው ላይ ጆሮው ድረስ ቀላ። ወጌሻው ጉሮሯቸውን የጠረጉት፣ ገላነሽ ወደ ግድግዳው የዞረችው፣ ልጆቹ ስልክ የደበቁት ሁሉም ባንድ ጊዜ ገባው። ሰው ሁሉ ሲራራለት፣ እሱ ሰውን ሁሉ ሲከስ ከርሟል። አፈረ። ካፈረውም ይበልጥ ዘመኑን እንዳያጣ ፈራ።

ባጃጁን ወደ ቤት አላዘዘውም፤ ወደ ርብ ነው ያዘዘው። መንገዱ ባለቀበት ወርዶ፣ በደረቀው ሩዝ ማሳ ድንበር ድንበሩን፣ አትርገጥ የተባለውን እግር እየጎተተ ሄደ። ዘመኑ መስኖው ላይ ነው። ጥማድ ስላጣ መሬቱን በዶማ ይቆፍራል። ከጧት ጀምሮ የቆፈረው የአንዲት ጎጆ ወለል አይሞላም።

"አየሁት" አለ አያልነህ።

ዘመኑ ዶማውን አላቆመም። "ምኑን?"

"ራሴን።"

ዘመኑ ቀና አለ፤ ላቡን በክንዱ ጠረገ። ለአፍታ ፈገግ ሊል ነበር። "መልካም ምት ነበር እኮ። ጥንጓን ብታገኛት ኖሮ ከርብ ማዶ ነበር የምናነሣት።"

"ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አልኸኝ? እንዲያ አጥብቄ ስጠይቅህ፣ አንተው ነህ አትለኝም?"

"የገዛ እግሩን የሰበረ አለቃ እየተባልህ እንድትኖር ነው? አንተን አውቅሃለሁ። ያን ሰምተህ ሜዳው ላይ ዳግመኛ አትቆምም ነበር።"

"ይቅር በለኝ ዘመኑ።"

"ይቅር ብያለሁ። እሱ ቀላል ነው።" ዘመኑ ዶማውን መሬት ላይ ተክሎ እጁን አሳረፈበት። "እኔ ነኝ ያልሁህ፣ 'ውሸትህን ነው' ትለኛለህ ብዬ ነበር። አሥራ አራት ዓመት አብረን አርሰናል። 'ዘመኑ ይህን አያደርግም፣ ሌላ ነገር ደብቀኸኛል' ትለኛለህ ብዬ ቆሜ ጠበቅሁህ። ቃሌን ሳልጨርስ አመንኸኝ።"

አያልነህ ምርኩዙ ላይ እንደተደገፈ ቀረ። መጨረሻ ላይ የመጣለት፣ "በሬውን ነገ በማለዳ አመጣዋለሁ" የሚል ብቻ ነው።

"አምጣው" አለ ዘመኑ። ዶማውን ነቅሎ ወደ ቁፋሮው ተመለሰ፤ አያልነህ እስኪሄድ ድረስም ቀና ብሎ አላየውም።