ጣቴን ያነሳሁ ቀን

በእኛ ጋራዥ ሞተር ሲነሳ አፍ ይዘጋል። ከሞተር ጋር የሚጯጯህ መካኒክ ሥራውን የማያውቅ ነው። እኔ ኮፈኑ ሥር አጎነብሳለሁ፤ ልጄ መሪው ኋላ ትቀመጣለች። ጣቴን ሳነሳ ነዳጅ ትሰጣለች፣ ሳጥፍ ትለቃለች። ከአሥራ ሦስት ዓመቷ ጀምሮ እንዲህ ነበር የሠራነው።

በኋላ ግን ቦታ ተለዋወጥን፤ የእሷ ጆሮ ከእኔ በለጠ። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ዓይኗን ትጨፍንና፣ "አባዬ፣ የውሃ ፓምፑ ኩሽኔታ ነው። ሳምንት አይቆይም" ትላለች። ሳምንት አይቆይም። ጎረቤታችን ጎማ ጠጋኙ "ጆሮ" ብሎ ስም አወጣላት፤ በዚያው ጸና። ደንበኞች እኔን ገትረውኝ "ጆሮ አለች?" ሲሉ በቅናትም በኩራትም አብጥ ነበር።

ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ይዛ ነው የተወለደችው። እኔና እናቷ ሳናውቅ ግማሽ ግማሹን አዋጥተን የሰጠናት በሽታ ነው። ጨውና ውሃ በሴሎቿ በር እንደሚገባው አያልፍም፤ አክታዋ በብርድ እንደረጋ ግሪስ ይወፍርና ጀርም ይሰፍርበታል። እናቷ ከሞተች ወዲህ መድኃኒቱን የምከታተለው እኔ ነኝ። ጠዋት ጨው ውሃ በማሽን እየተነነ ትስበዋለች፤ አክታው ይላላል፣ እሷም ዓይኗ እስኪፈጥ ትስላለች። ከምግብ ጋር ቆሽቷ የነፈጋትን የሚተኩ እንክብሎች ትውጣለች። ከዚያ ጀርባዋን መታ መታ አደርግላትና ጆሮዬን ለጥፌ አዳምጣለሁ።

"እንዴት ነው ሞተሩ?" ትለኛለች።

"ዘይት ይቀየርለት።"

በየቀኑ ያው ቀልድ ነው፤ በየቀኑ እንስቃለን።

ሃያ ሦስት ዓመት ሲሞላት ጀርሙ ጠናባት። ደም ሳለች፤ ሳህኑን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ዛሬም ቀለሙ ዓይኔ ላይ አለ። በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ታዘዘላት፤ አሥራ አራት ቀን፣ ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ሌላ አሥራ አራት ቀን፣ እንዲያ እየተደጋገመ። ሐኪሟ ገና ከጅምሩ አስቀምጣ ነግራናለች።

"ይሄ መድኃኒት ጀርሙን ይገድላል። ግን ጆሮ ውስጥ ድምፅ የሚቀበሉ፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ነገሮች አሉ፤ እነሱንም ሊገድል ይችላል። አንዴ ከሞቱ አይበቅሉም። ጆሮሽ ከጮኸ እንዳትደብቂኝ። ኩላሊትሽንም በደም እያየን እንሄዳለን።"

በሦስተኛው ዙር፣ በአምስተኛው ቀን፣ "አባዬ፣ ጆሮዬ ውስጥ ፉጨት አለ" አለችኝ። አልደበቅንም፤ ነገርናት።

"ዛሬውኑ ትመርመር" አለች ሐኪሟ። "መስማቷ ከቀነሰ መድኃኒቱን እንቀይራለን።"

"ሌላው ይሠራል ዶክተር?"

"በዚህ ጀርም ላይ ደከም ይላል። ግን እንሞክረዋለን፣ አባት።"

ከእጅ አይሻል ዶማ፣ አልኩ በሆዴ። ሳህኑ ታየኝ።

መመርመሪያው ባለመስታወት ጠባብ ክፍል ነው። ልጄን ማዳመጫ አጥልቀው፣ ቁልፍ አስይዘው፣ "ድምፅ ስትሰሚ ተጫኚ" አሏት። መርማሪዋ ከውጭ ማሽኑ ላይ አቀርቅራለች፤ እኔ ከኋላዋ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ። ድምፅ በተለቀቀ ቁጥር ማሽኑ ላይ ትንሽ ቀይ መብራት ትበራለች። ወፍራም ወፍራሞቹን ልጄ ቶሎ ቶሎ ተጫነች። ቀጫጭኖቹ መጡ። መብራቷ በራች፤ ልጄ ዝም። ደግማ በራች፤ ዝም። በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ገጠምን። ድሮ መሪው ኋላ ተቀምጣ እኔን የምትጠብቅበት ፊት ነበር።

መብራቷ ስትበራ ጣቴን አነሳሁ። ተጫነች።

የመጀመሪያዋን ልማድ ነው እንበል። የቀሩትን ግን ሁለታችንም እያወቅን ነው ያደረግነው። ልጄ እንዳትሞትብኝ ፈራሁ፤ ሌላ ሰበብ የለኝም።

"ጎበዝ! ምንም አልሆነም" አለች መርማሪዋ።

የቀሩትን ዘጠኝ ቀናት መድኃኒቱን ወስዳ ጨረሰች። ትንፋሿ ተመለሰ፤ ፉጨቱ ግን አልሄደም። መጀመሪያ የወፍ ድምፅ ጠፋባት፣ ቀጥሎ የስልኳ ጥሪ።

ከአራት ወር በኋላ አዲስ ክኒን መጣ፤ ያንን የሴል በር ራሱን የሚጠግን። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ካልተዋጠ ሰውነት አይቀበለውም፤ ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል ደም በየጊዜው ይታያል። በመጀመሪያው ሳምንት ቆዳዋ ሽፍ አለ፣ እንቅልፍ ራቃት። አክታው ግን ተጠራርጎ ወጣ። ጆሮዬን ጀርባዋ ላይ ለጥፌ ምንም ኮርኮር የሚል ነገር ሳጣ አለቀስኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ሐኪሟ ጆሮዋን እንደገና አስመረመረች። በዚህኛው እኔ ኮሪደር ላይ ነበርኩ። ውጤቱን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ።

"ከአምስት ወር በፊት ደህና ነበር እኮ! ያኔ ባውቅ ያንን መድኃኒት በዚያው ቀን አቆመው ነበር። ደካማውም ቢሆን እስከ ክኒኑ ያደርሳት ነበር።"

ጫማዬን አየሁ።

"ያኔ እሰማ ነበር፣ ዶክተር" አለች ልጄ።

ባለፈው ማክሰኞ ባለ ሚኒባሱ መጣ። "ጆሮ አለች?" አለ እንደ ወትሮው። ካቻቢቴዋን ሞተሩ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። ቆየች፤ ከወትሮው በላይ ቆየች።

"ደህና ነው" አለች።

እኔ መሪው ኋላ ሆኜ፣ በዚህ ባረጀ ጆሮዬ፣ ኩሽኔታው ሲያፏጭ ይሰማኛል። ሹፌሩም ሰምቶታል። አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን አየ። ሞተሩን አጠፋሁና "ነገ አምጣው፣ የፋኑን ቺንጋ ልየው" አልኩት።

ልጄ ግን አፋችንን ሳይሆን ፊታችንን አነበበች። ካቻቢቴዋን በጨርቅ ጠርጋ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ዞራ በሩን ከፈተች፤ ወረድኩላት። መሪው ኋላ ተቀመጠችና ሞተሩን አስነሳች። ከዚያ እንደ አሥራ ሦስት ዓመቷ እጄን እጄን እያየች ጠበቀችኝ።

ጣቴን ማንሳት አቃተኝ።