ዝግ ትበል

ደግሞ ያራግቡታል፣ ከሰሉን፣ ቀልቶም አልበቃቸው፣ እማማ ሀጀር፣ የባሌ እናት፣ ከደሴ ድረስ ማጭድ በነጠላ ጠቅልለው በአውቶብስ የመጡ ሴትዮ፣ የማጭዱ ጫፍ እንደ በርበሬ ሲቀላ ከደጃፉ ይታየኛል፣ የልጄን ጉልበት ሊተኩሱ ነው፣ ሁለት ዓመት አልፏት አልቆመችማ፣ ትድሃለች፣ በአራት እግሯ ይላሉ ጎረቤቶቹ፣ በአራት እግሯ አይባልም፣ እጅ አላት ልጄ፣ እጅ።

ሳጂዳ ብላችሁ ስም አውጥታችሁ ይኸው እንደ ሰጋጅ ግንባሯን ደፍታ ሱጁድ ላይ ቀረች፣ አሉኝ እማማ ሲመጡ፣ ሁሉም ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ምን ሆኜ ነው የሳቅኩት።

ሐኪሙ እግሯን አገላብጦ አይቶ ጠብቂ ብሏል፣ ጠብቂ ማለት ለሱ ቀላል ነው።

ተናኜም አለች፣ የጎን ክፍሉ ተከራይ፣ አስተማሪዋ፣ ትናንት ለተማሪዎቿ የሳለችውን ትልቅ ወረቀት ቀለሙ እንዲደርቅ ልብስ ማስጫው ላይ ሰቀለችው፣ ጎንበስ ያለ፣ ቀና ያለ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ከላይ ጽሕፈት፣ ፊደል ቆጥሬያለሁ እኮ፣ ቀስ ብዬ ነው እንጂ አነባለሁ፣ ዝ፣ ግ፣ መ፣ ተ፣ ደሜ ፈላ፣ ዝግ ያለች ነው ሰፈሩ ልጄን የሚላት፣ አሁን ደግሞ በጽሑፍ፣ ምነው ተናኜ፣ ጎረቤት አይደለንም ወይ፣ ልጄን ገመድ ላይ ትሰቅያታለሽ? ሳቀች ሳቀችና፣ ኧረ መኪያዬ፣ ዝግመተ ለውጥ ነው እሱ፣ በዝግታ መለወጥ፣ ሰው ቀጥ ብሎ ለመቆም ስንትና ስንት ዘመን ፈጅቶበታል፣ ሲቆም ነው እጁ ነፃ የወጣው። ዝንጀሮውን ለራስሽ ያዢው አልኳት፣ እኔን አላህ ከአደም ነው ያመጣኝ፣ አደምን ከጭቃ። ግን ያ ዝግ የሚለው ነገር ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ስድብ አይደለም ማለት ነው። ደግሞስ እነዚያን፣ ወረቀቱ ላይ ያሉትን፣ ማን ጉልበታቸውን ተኮሳቸው።

ባሌ ሃይደር የለም፣ ሲፈለግ መቼ አለ፣ መገናኛ ነው፣ ወያላው ቦሌ ቦሌ ይጮኻል እሱ መሪውን ይዟል፣ ነገር አታብዢ ይለኛል፣ እኔስ ተተኩሼ አይደል የቆምኩት፣ ያራዳ ልጅ ነኝ ባይ፣ እናቱ ፊት አራድነቱ የት እንደሚገባ እንጃ፣ ሁለቱም ጉልበቱ ላይ ባቄላ የሚያህል ጠባሳ አለው። ልጄ ስትወለድ ግን ጉልበቷ ልስልስ፣ ንጹሕ። ይሄንንም ተናኜን ጠየቅኳት፣ የአባቷ ጠባሳ ለምን አልወጣባትም፣ ጠባሳ በደም አይወረስም አለችኝ፣ ዓይን ይወረሳል፣ ቁመት ይወረሳል፣ ጠባሳ ከባለቤቱ ጋር ይቀራል። ታዲያ የእማማ እናት በዚሁ ማጭድ እማማን፣ እማማ ሃይደርን፣ አሁን ደግሞ የኔን፣ ይሄ በምን መጣ፣ በደም ካልሆነ በእጅ ነዋ፣ ከእጅ ወደ እጅ፣ መንግሥት እንኳ ተለወጠ፣ ማጭዱ ያው።

ሳትቆም ብትቀርስ። እናቷ ናት ያስቀረቻት ይሉኛል፣ ዕድሜ ልኬን፣ እሷም አድጋ ትለኛለች፣ ወላሂ ፈርቻለሁ።

አምጫት፣ ይላሉ እማማ፣ አብሽሪ ልጄ፣ ቶሎ ነው የሚያልፈው።

ቶሎ። ለምን ቶሎ።

አላመጣትም እማማ።

ምን አልሽ አንቺ?

እኔም እጅ አለኝ፣ ማጭዱን በእጀታው አነሳዋለሁ፣ ልብስ የዘፈዘፍኩበት ሳፋ ውስጥ፣ ጭስስ፣ አረፋው ይፈላል፣ ሳጂዳ ደንግጣ እየዳኸች ትመጣለች፣ ቀሚሴን ትይዛለች፣ ትሳባለች፣ ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል፣ ልትቆም ነው፣ ቆመች ልል ነው፣ ቁጭ።

አየሽ፣ ይላሉ እማማ።

አየሁ። ዝግ ትበል፣ እንደ ፈለገች፣ እኔም አጠገቧ እንበረከካለሁ፣ መዳፌን ሲሚንቶው ላይ፣ ይቀዘቅዛል፣ ከዚህ ሲታዩ እማማ ረጅም ናቸው፣ ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ እጃቸው ግን ባዶ ነው።