ሰሊሆም ኮሌጅ ጣሪያ ያጣበት ጸደይ

አውሎ ነፋሱ የመጣው እሑድ ከቀትር በኋላ ነው፤ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ፣ ዶሮውንና ጎመኑን በልቶ ጋደም ባለበት ሰዓት። ሰማዩ መጀመሪያ አረንጓዴ ሆነ። አላባማ ያደገ ሰው አረንጓዴ ሰማይ ምን ይዞ እንደሚመጣ ነጋሪ አያሻውም። የሰሊሆም ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ዶክተር አልቲያ ፕሪጅን የእሑድ ባርኔጣቸውን እንኳ ሳያወልቁ የእጅ ደወል ይዘው ግቢውን ዞሩ። ተማሪውን ሁሉ እንደ ዶሮ ጫጩት ሰብስበው ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ከተቱ። እኔም ገባሁ። ከላያችን ባቡር የሚያልፍ ይመስል ነበር። ዶክተር ፕሪጅን መዝሙር አነሡ፤ እኛም በተሰበረ ድምፅ ተቀበልናቸው።

ስንወጣ አንድም ሰው አልሞተም ነበር። የሳይንስ ሕንፃው ግን ከነአካቴው የለም። የወንዶቹ መኝታ ቤት ጣሪያ ተነቅሎ ከኮክ ዛፎቹ መካከል ተዘርግቷል፣ የጸሎት ቤቱ መስተዋት ረግፏል። እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ማይክሮስኮፖቻችንን ያገኘኋቸው ጅረቱ ዳር ነው፤ አንዱም ደኅና አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን የቦርዱ ሰብሳቢ ቢሾፕ ክራችፊልድ መጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እሳቸውም የሰሊሆም ልጅ ናቸው። ጸሎት ቤቱ ውስጥ የተሰበረ መስተዋት እየረገጡ ጥቂት ተመላለሱና፣

“እህት ፕሪጅን፣ ለጊዜው እንዝጋው” አሉ።

“ቢሾፕ፣ እንደኛ ያለ ኮሌጅ ለጊዜው ተዘግቶ ሲከፈት አይተው ያውቃሉ?”

“አላየሁም። ግን ዘመኑን ይዩት። አያቶቻችን ከባርነት በወጡ ማግስት ይህን ቤት የሠሩት ሌላው በር ሁሉ ስለተዘጋባቸው ነው። ዛሬ ትልልቆቹ የነጮች ዩኒቨርሲቲዎች ጥቁር ልጆቻችንን መቀበል ጀምረዋል። ምናልባት እግዚአብሔር ሥራችሁ አለቀ እያለን ይሆናል።”

ዶክተር ፕሪጅን ከአግዳሚው ላይ ስብርባሪውን በመሐረብ ጠረግ አድርገው ተቀመጡ።

“በሩ በመከፈቱ ደስ ይለኛል። ስንት ሰው ደሙን አፍስሶበታል። ግን የተከፈተ በር መንገድ ድረስ ወጥቶ ልጅ አይፈልግም፤ እኛ እንፈልጋለን። ዴልፊን ኦክስን ከጥጥ እርሻ ያመጣኋት እናቷ ደጅ ተመላልሼ፣ ውሻቸው እስኪለምደኝ ድረስ ነው። ስትመጣ ሰው ፊት ማንበብ ያንቀጠቅጣት ነበር። በግንቦት ተመርቃ ሕክምና ልትማር ትሄዳለች። ከዚህ እስከ ወንዙ ማዶ ለኛ ሰው የሚደርስ ሐኪም ካለ ያሳዩኝና ዛሬውኑ እዘጋዋለሁ።”

ቢሾፑ ባዶ የቀረውን መስኮት ቀና ብለው አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ “የት ልታስተምሩ ነው እህቴ? ክፍል እኮ የለም” አሉ።

“እስከ እሑድ ጊዜ ይስጡኝ።”

“እስከ እሑድ እሺ። ከዚያ ወዲያ ግን የሚወስነው ቦርዱ ነው።”

በማግስቱ መኪና እየነዳሁ ከዶክተር ፕሪጅን ጋር ከተማውን አካለልን። ለካ ሰዉ ኖሯል የሚያስብልን። የኔቦ ተራራ ቤተ ክርስቲያን ለግሪክኛና ለሥነ ጽሑፍ አዳራሹን ለቀቀ። ፀጉር አስተካካዩ ወንድም ታዲየስ ጠዋት ጠዋት ታሪክ ይማሩበት ብሎ ሱቁን ሰጠ፤ “ግን መምህሩ ወሬኛ ደንበኞቼን ዝም ማሰኘት ከቻለ ነው” አለ። የሴቶች ፀጉር ቤቷ ባለቤት የሒሳቡን ክፍል ተቀበለች። ጣሪያ ያጡትን ወንዶች ተማሪዎች የከተማው እናቶች በየቤታቸው ተከፋፈሏቸው። አንዷማ፣ “ሁለት ስጡኝ፤ ግን የሚበሉ ይሁኑ፣ የሚቀማጠል አልፈልግም” ብላ አሳቀችን።

የቀረን የሳይንሱ ነበር። ውኃ፣ ጥሩ ብርሃን፣ የሚታጠብ ጠረጴዛና ቀዝቃዛ ክፍል ያስፈልገናል። በከተማው ይህን ሁሉ ያሟላ የኛ ሰው ቤት አንድ ብቻ ነው፤ የቀብር አስፈጻሚው የሚስተር ሉሺየስ ባስኪን።

“ከሱ ደጅስ ባልቆምኩ” አሉ ዶክተር ፕሪጅን። ግን ባርኔጣቸውን አስተካክለው ወረዱ።

ሚስተር ባስኪን ረጅም፣ ጫማቸው ፊት የሚያሳይ፣ ድምፃቸው ለስለስ ያለ ሰው ናቸው። ከዶክተር ፕሪጅን ጋር በወጣትነታቸው ሰሊሆም አብረው ተምረዋል። ከወንበራቸው አልተነሡም።

“አልቲያ! ምነው፣ ሰው ሞተብሽ እንዴ?”

“አልሞተብኝም። ኮሌጁ ሊሞትብኝ ነው።”

“እሱን እኔ አልገንዝም። ቀብሩ ላይ ግን እገኛለሁ፤ ያውም አበባ ይዤ።”

“ተርበኝ ሉሺየስ፣ ግዴለም። ልለምንህ ነው የመጣሁት። የታችኛውን ክፍልህን እስከ ግንቦት ለሳይንስ ተማሪዎቼ አውሰኝ።”

ሚስተር ባስኪን ሳቁ፤ ሳቁ ግን ከጥርሳቸው አላለፈም።

“አባትሽ የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ሆኖ ሻንጣዬን ከግቢው በር ውጭ ሲያስቀምጥብኝ እኔም ለምኜው ነበር። ሐኪም ልሆን ነበር እኮ! ለአንድ ቅዳሜ ጭፈራ ብሎ! ምን አለኝ መሰለሽ? ‘የሚጨፍር እግር የታመመ ሰው አልጋ አጠገብ አይቆምም።’ የጨፈርኩት ደግሞ ካንቺው የአክስት ልጅ ጋር ነው። እሷን ማን አባረራት?”

“ማንም አላባረራትም” አሉ ዶክተር ፕሪጅን። “አባቴ በድሎሃል። እሱ አልፏል፤ ይቅርታውን እኔ እጠይቅሃለሁ። ቀድሜ መምጣት ነበረብኝ፤ ቸግሮኝ መምጣቴ ደግሞ ነውር ነው።”

ሚስተር ባስኪን ክራቫታቸውን ነካ ነካ አደረጉ።

“ይቅርታሽን ሰምቻለሁ። ቤቴን ግን አልሰጥም። ላይ ለቀስተኛ ያለቅሳል፣ ታች ያንቺ ልጆች እንቁራሪት ይበልታሉ? አይሆንም።”

መኪናው ውስጥ ዶክተር ፕሪጅን ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። “እውነቱን ነው” አሉ። “ሰሊሆም ስንቱን ከወደቀበት አንሥቷል፤ አንዳንዱን ደግሞ ራሱ ጥሎታል። ሁለቱንም ካላወቅን ምን ክርስቲያን ነን?” ቀጥለው ደግሞ ወደኔ ዞሩ። “ዋርድሎ፣ ነገ ክፍል አለህ አይደል?”

“ክፍልማ የለኝም ዶክተር፣ ጠፍጣፋ መሬት ነው ያለኝ።”

“እሱ ይበቃሃል። አስተምር።”

አርብ ጠዋት ከፍርስራሹ አንድ በር አነሣን፤ በሁለት በርሜል ላይ አጋድመን ጠረጴዛ አደረግነው። ሳይሰበሩ ከተረፉ ጠርሙሶች ጥቂት እንቁራሪቶች አወጣሁ። ተማሪዎቹ ጭቃ ውስጥ ከበቡኝ፤ ያለ ካፖርት የቀረው ብርድ ልብስ ለብሷል። ቢላዋውን ዴልፊን ያዘች። እጇ እንደ ልብስ ሰፊ እጅ የረጋ ነው። የእንቁራሪቷን ልብ ክፍሎች እያሳየች ስትናገር ከኋላ አንድ ጥቁር ረጅም መኪና መጥቶ ቆመ። የባስኪን የሬሳ መኪና ነው። ተማሪዎቹ ተያዩ፤ አንዱ ቀልደኛ፣ “እንቁራሪቷን ሊወስዷት ነው” ብሎ አንሾካሾከ።

ሚስተር ባስኪን ወርደው ባርኔጣቸውን አወለቁ። በሚያበራው ጫማቸው ጭቃውን እየረገጡ መጡና ከተማሪዎቹ ኋላ ቆሙ። ማንንም ሰላም አላሉም። ዴልፊን ደንግጣ አቆመች።

“ቀጥይ ልጄ” አሏት።

ቀጠለች። ስትጨርስ ሚስተር ባስኪን እንደ ተማሪ እጃቸውን አወጡ። ማንም አልሳቀም።

“ከሳንባ የመጣው ንጹሕ ደምና ከሰውነት የተመለሰው ደም ታች አንድ ክፍል ውስጥ ነው የሚገናኙት። ታዲያ እንዴት አይደበላለቁም?”

ልመልስ ስል ዴልፊን ቀደመችኝ። “በጥቂቱ ይደበላለቃሉ፣ ጌታዬ። ግን ይዩት፤ የልቡ ግድግዳ ውስጡ እጥፋት እጥፋት ነው። እሱ ነው ለየት ለየት አድርጎ የሚያሳልፋቸው።” ቢላዋውን አቀበለቻቸው። ጎንበስ ብለው በጫፉ እጥፋቱን ገለጥ ገለጥ አደረጉት። ረጅም ጊዜ አዩ።

“የተባረርኩት ይህን ትምህርት በጀመርን ሳምንት ነው” አሉ ቀና ሳይሉ። “መልሱን ሳልሰማ ወጣሁ።”

ያን ጊዜ ዶክተር ፕሪጅን ከቢሯቸው ደረጃ ላይ ቆመው ያዩ ነበር። አልቀረቡም። ሚስተር ባስኪን ቢላዋውን ጠርገው መለሱና ሰማዩን አዩ።

“ሊዘንብ ነው። ልጆቹን ይዘህ ና” አሉኝ። “ለቀስተኛ ሲኖር ግን ትንፍሽ የለም!”

እንዲህ ሆኖ የሰሊሆም የሳይንስ ክፍል የሬሳ ቤት ገባ። ቢሾፑ የቀጠሩት እሑድ ባለፈ ማግስት መጥተው ከክፍል ክፍል ዞሩ። ፀጉር ቤት ገብተው ተማሪዎቹ ሒሳብ ሲማሩ አዩ፤ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ደንበኞቹ ከመምህሩ ጋር ስለ ጥንቷ ሮም ሲከራከሩ ሰሙ። በመጨረሻ የባስኪን ምድር ቤት ወርደው፣ “እኔ የሃይማኖት ሰው ነኝ፤ ግን ትንሣኤ ከዚህ ቤት ይጀምራል ብዬ አልጠበቅሁም” አሉ። ቦርዱ እንዳይዘጋው ቆመው የተሟገቱት እሳቸው ናቸው።

ያ ጸደይ ቀላል አልነበረም። ከላይ ቀብር ሲኖር ከታች በጥቅሻ ነበር የምንማማረው። ዘመድ የሌለው ሰው ሲሞት ልጆቹ ቢላዋቸውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን ታጥበው ወጥተው ይዘምሩለታል። ይህን ያዘዛቸው የለም። አንድ ቀን እዚያ ቆሜ ሳያቸው የኮሌጁ መሥራቾች በድንጋይ ያልጻፉት ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ መሰለኝ። ልጅ ተምሮ እንዲያመልጥ ብቻ አልነበረም የፈለጉት፤ ተምሮ ዘመድ እንዲሆንም ነው።

በግንቦት ምርቃቱ የሳይንስ ሕንፃው በነበረበት ባዶ መሬት ላይ ተደረገ። የዴልፊን እናት የልጇ ስም ሲጠራ ከወንበር ላይ ቆማ ጮኸች፤ ሰዉም አብሯት ጮኸ። ዶክተር ፕሪጅን ለሚስተር ባስኪን የክብር ዲግሪ አስበው ነበር። እሳቸው ግን “ያልሠራሁበትን አልፈልግም” ብለው መለሱላቸው። “በመስከረም ካቆምኩበት እጀምራለሁ። ወንበር ያዢልኝ።”

ጀመሩም። ሐኪም ለመሆን ዘመኑ እንዳለፈ እሳቸውም ያውቃሉ፤ ግን ፊት ረድፍ ተቀምጠው ጥያቄ በጥያቄ ያደርጉኝ ነበር። ሰሊሆም ዛሬም ችግሩ አላለቀም። ቧንቧው ያፈሳል፣ ቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ ያንሰዋል፣ ጥሩ መምህር ሲገኝ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ይወስደዋል። ዶክተር ፕሪጅን ግን አሁንም በየገጠሩ እየዞሩ ልጅ ይፈልጋሉ። ባለፈው ሳምንት ከአንድ እርሻ ሲመለሱ ቀሚሳቸው ጫፉ ተቀዶ ነበር።

“ምን ሆኑ?” ብላቸው፣

“አዲስ ውሻ” አሉኝ። “ልጅቷ ግን ትመጣለች።”