ቀዩ ጽጌረዳ የታለ?

ፀደንያ ከዋጫ ተነስታ ቦንጋ ስትደርስ ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር፤ ጭጋጉ ግን ገና ከጫካው አናት ላይ አልተነሳም። ሚኒባሱ ውስጥ ከአንድ ጆንያ ጋር ቦታ ስትሻማ ስለመጣች እግሯ ደንዝዟል። እንደምንም እያነከሰች ቀዩን ጭቃ አቀበት ተያያዘችው። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋዋለች፤ ውስጡ በፌስታል የተጠቀለለ አንድ የቆየ ፎቶግራፍ አለ።

ፎቶው የእናቷ የወይዘሮ ላቀች ነው። ላቀች ገና በልጅነቷ፣ ቦንጋ ማስተማር በጀመረችበት ዓመት፣ ከአንድ የጽጌረዳ ተክል አጠገብ ቆማ ተነስታዋለች። ዕድሜ ፎቶውን ቡናማ አድርጎታል። ሰማዩም ቡናማ፣ ቀሚሷም ቡናማ ነው። ጽጌረዳዎቹና የላቀች ከንፈር ግን ዛሬም ደማቅ ቀይ ናቸው። በዚያ ከንፈር ስንት ዓመት ተስቋል! ልጆቿ «እማዬ፣ ለካ ሊፕስቲክ ትቀቢ ነበር!» ሲሏት ላቀች «እኔ? በሕይወቴ ነክቼው አላውቅም» ብላ ትምል ትገዘት ነበር። ማን ይመናት? ፎቶው አፍ አውጥቶ ይመሰክርባታላ!

አሁን የሚስቅ የለም። ላቀች መርሳት ጀምራለች። መጀመሪያ ቁልፍ የምታኖርበትን ረሳች፣ ከዚያ የጎረቤቶቿን ስም፣ በመጨረሻ ፀደንያን። ልጆቿን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በካፊኖኖ እያጫወተች ያሳደገች እናት፣ ዛሬ የገዛ ልጇ ስትገባ ከወንበሯ ብድግ ትልና በአማርኛ፣ ከወረዳ ለመጣ እንግዳ እንደሚባለው፣ «እንደምን ዋሉ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ» ትላታለች። ፀደንያ ለሰው አትንገረው እንጂ ይህች «ይቀመጡ» ጓዳ አስገብታ ታስለቅሳታለች። ሌላ ምንም አልፈለገችም። አንድ ጊዜ ብቻ ስሟን ከእናቷ አፍ ብትሰማ በቂዋ ነበር።

ላቀች ያልረሳችው አንድ ነገር ቢኖር የቦንጋው ጽጌረዳ ነው። በተቀመጠችበት ድንገት «የወልደ ማርያም ጽጌረዳ አሁንም ያብባል?» ትላለች። ፀደንያን ወደ ቦንጋ ያመጣት ይኸው ነው። አበባውን ፎቶ አንስቼ ባሳያት፣ አበባውን ተከትላ ወደ እኛ ትመለስ ይሆናል ብላ አሰበች። ወንድሟ ኤርምያስም ዋጫ፣ እናቱ ጎን፣ ስልኩን ይዞ እየጠበቀ ነው።

የአትክልቱ ባለቤት እትዬ አስካለማርያም፣ የዚያ ፎቶ አንሺ የጋሽ ወልደ ማርያም ሚስት የነበሩ፣ በሩን ራሳቸው ከፈቱላት። ወገባቸው ጎብጧል፤ አንደበታቸው ግን ቀጥ እንዳለ ነው።

«ሙሽራ ነሽ?» አሏት፣ ከላይ እስከ ታች እያዩ።

«ኧረ እትዬ፣ ሙሽርነቱ ካለፈኝ ቆየ። አበባ ላነሳ ነው የመጣሁት።»

«አንሺ፤ መቅጠፍ ግን የለም። ባለፈው የአንዱ ሙሽራ ሚዜዎች ግማሹን ግጠውብኝ ሄዱ፤ ፍየል ይሻላል።»

ግቢው ውስጥ ከአጥር እስከ አጥር ጽጌረዳው ቀልቷል። ፀደንያ ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃው ላይ ተንበረከከች። የዝናብ ጠብታ ያዘለውን በስልኳ አነሳች፣ ገና ያልፈነዳውን እንቡጥ አነሳች፣ ንብ የገባችበትን ደግሞ ንቧ እስክትወጣ አነሳችው። ፊልም ያልቃል ተብሎ የሚሳሳበት ዘመን አልፏል። እናቷ የቆመችበት ቦታ የቱ ይሆን እያለች ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ዞረች። ሃያ ዓመት ያልሞላት ላቀች ከቅጠሎቹ መሐል ብቅ የምትል መሰላት።

የተዋጣላቸውን መርጣ ለኤርምያስ በቴሌግራም ላከችለት። ኔትወርኩ እንደ ልማዱ አሽከረከራት፣ አሽከረከራትና በመጨረሻ አሳለፈላት። ወዲያው ስልኳ ጮኸ።

«አየቻቸው?»

«አይታቸዋለች» አለ ኤርምያስ። «'ይሄ አይደለም' አለች። 'የወልደ ማርያም ጽጌረዳ ነጭ ነው' አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በቃ፣ ፀዲ። ይህንንም ረስታዋለች ማለት ነው። ተይና ነይ።»

ፀደንያ ስልኩን ዘግታ አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። የመጨረሻዋ ክር ይህቺ ነበረች፤ እሷም ተበጠሰች። ጭቃ በነካው እጇ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች።

እትዬ አስካለማርያም በትራቸውን እየተመረኮዙ መጡ። «ምነው የኔ ልጅ? ማን መርዶ ነገረሽ?»

ፀደንያ ሁሉንም ነገረቻቸው። የእናቷን መርሳት፣ «ይቀመጡ» መባሏን፣ አሁን ደግሞ ቀዩን ነጭ ማለቷን። ፎቶውን ከፌስታሉ አውጥታ ሰጠቻቸው። አሮጊቷ ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አቀረቡት፣ አራቁት፣ እንደገና አቀረቡትና በሳቅ ፈረሱ። በትራቸው ከእጃቸው እስኪወድቅ ሳቁ።

«ላቀች አስተማሪዋ! የላቀች ልጅ ነሽ ለካ! ስሚኝ፣ እናትሽ ምንም አልረሳችም። ያኔ እዚህ ግቢ ውስጥ አንድም ቀይ አበባ አልነበረም!»

«እትዬ፣ ይኸው እኮ ቀይ ነው...»

«የወልደ ማርያም ብሩሽ ነው ቀዩ! ያኔ ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው። ነጭ አበባ ደግሞ ፊልሙ ሲታጠብ የተጣለ ወረቀት ይመስላል። ሰዉ 'ከአበባ ጋር አንስተኝ አላልኩህም ወይ? አበባው የታለ?' እያለ አስቸገረው። ታዲያ መስኮቱ ሥር ይቀመጥና በቀጭን ብሩሽ ፎቶው ላይ ያለውን አበባ አንድ ባንድ ቀይ ይቀባዋል። ብሩሹ ላይ ቀለም ከተረፈ ደግሞ ለሴቶቹ ከንፈር ነው። ቀለም ማባከን አይወድማ!»

ፀደንያ ፎቶው ላይ ያለውን ቀይ ከንፈር እንደገና አየች። ምስኪኗ እናቷ ያን ሁሉ ዓመት እውነቷን ስትምል ኖራለች።

«እነዚህስ?» አለች፣ በቀላው ግቢ ላይ እጇን እየዘረጋች።

«እሱ ሲሞትብኝ ሰዉ ፎቶውን እየያዘ መምጣት ጀመረ። ከቢታ የመጣውም ከጨና የመጣውም፣ ሁሉም 'ቀዩ ጽጌረዳ የታለ?' ነው። 'አልነበረም' ብላቸው ማን ይስማኝ! 'ባሏ ሲሞት ነቀለችው' ብለው ያሙኝ ጀመር። ሲሰለቸኝ ከጅማ ቀይ አስመጥቼ ተከልኩ። ይኸው ተገላገልኩ። ነጩን የጠየቀኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም፤ ከእናትሽ በቀር።»

እጇን ይዘው ከቤቱ ኋላ ወሰዷት። ከእንሰቱ ጀርባ፣ ሰው በማይደርስበት ጥግ፣ አንድ ያረጀ የጽጌረዳ ተክል አጥሩን ተደግፎ ቆሟል። ዝናቡ ያዋከባቸው ጥቂት ነጭ አበቦች አሉት፤ ጠርዛቸው ጠይሟል። ፀደንያ ፎቶ ማንሳቱን ትታ በቪዲዮ ደወለች።

ኤርምያስ ስልኩን ከእናቱ ፊት ለፊት ያዘላት። የላቀች ፊት ስክሪኑን ሞላው፤ የከሳ፣ ዓይኑ ሩቅ የሚያይ። ፀደንያ ካሜራውን ወደ አበባው አዞረች።

ላቀች ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ ጣቷን አነሳችና ስክሪኑን ዳበሰችው።

«ይሄ ነው» አለች። «ይሄ ነው የወልደ ማርያም። እዚህ ጋ ነበር የቆምኩት።»

እትዬ አስካለማርያም አላስቻላቸውም፤ ፊታቸውን ስልኩ ውስጥ ጨመሩ። «ላቀች! አወቅሽኝ?»

«አስካለ? ውይ፣ እንዴት አረጀሽ!»

ሁለቱ አሮጊቶች ተሳሳቁ። ፀደንያ ደስ አላት፤ ቀናችም። አዎን፣ ቀናች። ሃምሳ ዓመት ያልታየች ወዳጅ በስሟ ስትጠራ እሷ ቆማ ትሰማለች። በመጨረሻ ካሜራውን ወደ ራሷ አዞረችና፣ ትንፋሿን ውጣ፣ በካፊኖኖ እናቷን ጠራች።

ላቀች አየቻት። ቀሚሷን አስተካክላ፣ ፊቷን ለእንግዳ የሚገባውን ፈገግታ አለበሰችው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች በአማርኛ። «ይህን ለማሳየት ይህን ሁሉ መንገድ ደከሙ።»

ከዚያም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ምስጢር እንደምታካፍል ሴት ወደ ስልኩ ጠጋ አለች።

«አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ሴት ልጅ አለችኝ፤ ፀደንያ ትባላለች። አሁን ከትምህርት ቤት ትመጣለች። አበባው ቀይ ነው እያለች ሁልጊዜ ትከራከረኛለች። እሷ ሳታየው እንዳይሄዱብኝ። ይቆዩና ይተዋወቋት፤ ይወዷታል።»

እትዬ አስካለማርያም የፀደንያን ትከሻ ያዝ አደረጉ።

«እቆያለሁ» አለች እንደምንም። «የትም አልሄድም። ፀደንያ... እንዴት ያለች ልጅ ናት?»

የላቀች ፊት በራ። «ኧረ ስለሷ ቆመው የሚሰሙት አይደለም» አለች። «ይቀመጡ፣ ልንገርዎ።»

ፀደንያም እዚያው፣ እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጠች።